ከኮምቦልቻ ሜዳ እስከ ሦስተኛው ገበያ፦ የአንድ ግራ ተከላካይ ውል

በኅዳር 2016 መጨረሻ፣ ጉሙ የጦሳን ተራራ ከአናቱ እስከ ግርጌው ውጦ ባደረበት ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች ደሴ ፒያሳ ወዳለችው ጠባብ የትርጉም ቢሮዬ ገቡ። አንዱ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሌላው የእህቱ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ብቻ የሚቀመጥ የ19 ዓመት ወጣት። ሾፌሩ በላስቲክ የተጠቀለለ የእንግሊዝኛ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ «ጋሼ፣ ይህ ልጁን ውጭ አገር የሚያጫውተው ወረቀት ነው ተብለናል። እስከ ዓርብ ፈርማችሁ ላኩ ብለዋል። እኛ ግን ምን እንደሚል አናውቅም» አለኝ። ዘጠኝ ገጽ ነበር።

እኔ የእግር ኳስ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ ሆጤ ሜዳ ላይ አቧራ ከመቃም ያለፈ ታሪክ የለኝም። የማውቀው ውል ነው። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆችን የሥራ ውል ስተረጉም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ አንድ ወረቀት ማንን እንደሚጠብቅና ማንን እንደሚያስር ከአንቀጾቹ አደራደር እጠረጥራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የልጁ ጉዳይ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እስከ 2017 መግቢያ የተጓዘበትን መንገድ ነው። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የኤጀንሲውንም ስም አልጠራም። የፊፋን ደንቦች ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የልጁን ጉዳይ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በኋላ እንደሚታየው የሁለቱ መደባለቅ ራሱ አንድ የጉዳዩ ክፍል ነው።

ልጁ ለአንድ የኮምቦልቻ ቡድን በግራ ተከላካይነት ይጫወታል። ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ስለጀመረ ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ የተቀመጠ መልማይ ሶፋው ላይ ሆኖ አንድ የቡና ወይም የጊዮርጊስ ተጫዋች ሊያይ ይችል ነበር። ከዚያ በታች ያለውን ሊግ የሚያይ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው በአካል መጥቶ ማየት ነበረበት። የመጣውም ሰው የኮምቦልቻ ተወላጅ፣ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ራሱ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ያቆመ ሰው ነው። እዚህ አገናኙ እለዋለሁ። ደላላ ቢሉት ይቀየማል፤ «ወኪል» ሲባል ደስ ይለዋል፤ በሕግ ግን ወኪል አይደለም።

አገናኙ ሦስት ጨዋታ በስልኩ ቀርጾ አራት ደቂቃ ቪዲዮ አወጣለት። በዚያ ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ቪዲዮውን ከኮምቦልቻ መላክ አልተቻለም። በፍላሽ ገልብጦ፣ ፍላሹን የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቶ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰደው። ድንበር ተሻጋሪ የተባለው ንግድ የመጀመሪያ እርምጃው ይኸው ነበር፦ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የሄደ ፍላሽ።

ከአዲስ አበባ በኋላ ያለውን መንገድ ያወቅሁት በስሕተት ነው። ከውሉ ዘጠኝ ገጽ በተጨማሪ አብረው የተላኩት ሁለት ገጾች ለእኛ የሚገቡ አልነበሩም፤ የኤጀንሲው የውስጥ የገቢ ክፍፍል ነበሩ። አንድ የአውሮፓ ከተማ ውስጥ ዋና ቢሮ አለ፤ በፊፋ ፈቃድ ያለው ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ካይሮ የሰሜን አፍሪካን ክለቦች የሚያውቅ ተባባሪ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሌላ ተባባሪ አለ። ከታች አገናኙ አለ። ከልጁ ከሚገኘው ኮሚሽን ዋናው ቢሮ 50 በመቶ፣ ዝውውሩን የፈጸመው ተባባሪ 30 በመቶ፣ አገናኙ 20 በመቶ ይወስዳሉ። አገናኙ የዋናውን ቢሮ ሰው በስልክ ካልሆነ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ውሉን ሁለት ቀን ተቀምጬ አነበብሁት። ብዙው ደረቅ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን ብዕሬ ቆመ።

አንቀጽ 4 ኤጀንሲው ከልጁ ዓመታዊ ደመወዝ 10 በመቶ ይወስዳል ይላል። አንቀጽ 7 ልጁ ወደፊት ከክለብ ወደ ክለብ ሲሸጥ ከሚከፈለው የዝውውር ዋጋ 20 በመቶው የኤጀንሲው ነው ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ልጁ ያለ ኤጀንሲው ዕውቀት ራሱ ከክለብ ጋር ተደራድሮ ቢፈርም 15,000 ዶላር ይቀጣል ይላል። አጎትየው ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «15,000 ዶላር ማለት የእኔን ሚኒባስ ወስደው ሌላ ይጨመርበታል ማለት ነው» አለ። ሳቅን። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

ስለ ደንቡ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ፊፋ ከ2015 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል ለወኪሎች የሚሰጠውን የፈቃድ ሥርዓት ትቶት ነበር። ማንም ሰው በየአገሩ ፌዴሬሽን ተመዝግቦ «አደራዳሪ» ሊሆን ይችል ነበር። አዲሱ የወኪሎች ደንብ በታኅሣሥ 2022 ጸድቆ ከጥር 9 ቀን 2023 ጀምሮ በከፊል፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ወኪል መሆን የሚፈልግ ሰው ፈተና ይቀመጣል፤ 20 ምርጫ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ ማለፊያው 75 በመቶ። ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ነው። ካለፈ በዓመት 600 ዶላር እየከፈለ ፈቃዱን ይይዛል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለድርጅት አይደለም። ኤጀንሲ የሚባለው ቤት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የሚሠሩበት ጥላ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። በደንቡ መሠረት ፈቃድ የሌለው የኤጀንሲ ሠራተኛ የውክልና ሥራ መሥራት ቀርቶ ደንበኛ ሊሆን የሚችልን ተጫዋች ለዚህ ጉዳይ ቀርቦ ማነጋገር አይችልም። የእኛ አገናኝ ግን ከማነጋገርም አልፎ ቪዲዮ ሠርቷል፣ ወረቀት አምጥቷል፣ «እስከ ዓርብ» ብሏል። በሰንሰለቱ ላይ ካሉት ሁሉ ለልጁ ቅርብ የሆነው፣ እናቱ ቡና አፍልታ ያስተናገደችው፣ ልጁ የሚያምነው ሰው እርሱ ነው፤ ደንቡ በዚህ በር አትግባ የሚለውም እርሱን ነው። እርሱ ባይኖር ግን ማንም ወደ ኮምቦልቻ አይመጣም ነበር። አውሮፓ የተቀመጠው ባለ ፈቃድ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ልጁን በአካል እስኪያይ ቢጠበቅ የልጁ ጉልበት ያረጅ ነበር። ሥራ ፈላጊ ልጆችን ወደ ዐረብ አገር የሚልኩት ኤጀንሲዎች ቢያንስ አገር ውስጥ ቢሮ፣ ፈቃድና ማስያዣ እንዲኖራቸው አዋጅ አለ፤ ሰው ቢበደል የሚያንኳኳው በር አለው። በኳሱ በኩል የሚንኳኳው በር አውሮፓ ነው።

ደሴ ውስጥ በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው አንድ ሆቴል ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወኪሎች ዝርዝር ፈለግሁ። ውሉ ላይ የፈረመው የዋናው ቢሮ ሰው ስሙ አለ፤ ፈቃዱም የጸና ነው። አገናኙ የለም፤ የካይሮው ተባባሪም የለም። ከዚያ በልጁ ስም ለዋናው ቢሮ ኢሜይል ጻፍሁ። ደንቡ ዓመታዊ ገቢው ከ200,000 ዶላር የማይበልጥ ተጫዋች ወኪሉ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ይላል፤ ታዲያ ውላችሁ ለምን 10 አለ? ሦስተኛ ወገን በተጫዋች የወደፊት ዝውውር ላይ ድርሻ መያዙ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ በመላው ዓለም የተከለከለ ነው፤ ታዲያ አንቀጽ 7 ምንድን ነው? ተጫዋቹ ራሱ እንዳይደራደር የሚከለክል ወይም በዚህ ምክንያት የሚቀጣ አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ ታዲያ አንቀጽ 9ስ?

እውነቱን ለመናገር መልስ አልጠበቅሁም ነበር። በሁለተኛው ቀን መጣ። ትሑት ነበር። አንቀጽ 7 እና 9 «ከአሮጌው ቅጽ የቀሩ» ናቸው፣ ይወጣሉ፤ ኮሚሽኑም 5 ይሆናል ይላል። እኔ ይህን ሰው ሌባ ነው ለማለት አልደፍርም። ቅጹ የተጻፈው ፈቃድ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ስላልጠየቀ ማንም አላስተካከለውም። የሚገርመኝ ዘጠነኛው ገጽ ግርጌ ላይ ያለችው መስመር ናት፦ «ከመፈረሜ በፊት ገለልተኛ የሕግ ምክር ስለማግኘት እንዳስብበት በጽሑፍ ተነግሮኛል»። ይህችን መስመር ደንቡ ያዝዛል። አሮጌው ቅጽ ውስጥ የገባች ብቸኛዋ አዲስ ነገር እርሷ ናት። የኮምቦልቻ ልጅ ገለልተኛ የሕግ አማካሪ ደግሞ፣ እንግዲህ፣ እኔ ሆንሁ፤ በገጽ 80 ብር።

ነገሩ በዚህ ተዘጋ ስንል ታኅሣሥ አለቀ። በታኅሣሥ 30 ቀን 2023 ፊፋ የአዲሱን ደንብ አንዳንድ ክፍሎች በመላው ዓለም ለጊዜው አገደ። በጀርመን ዶርትሙንድ ያለ ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ በወኪሎች ክስ የእግድ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፤ ፊፋም የአውሮፓው ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ የኮሚሽን ጣሪያውን ጨምሮ በርካታ አንቀጾችን አቆመ። ፈቃድ የመያዝ ግዴታውና የውክልና ውል ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ የሚለው ግን ጸንተው ቀሩ። በጥር መጀመሪያ ላይ ከዋናው ቢሮ አዲስ ቅጂ መጣ። አንቀጽ 4 ተመልሶ 10 በመቶ ሆኗል። ዶርትሙንድ የተባለች ከተማ በቢጫ ማሊያዋ ካልሆነ በምንም ልታገኘን አይገባም ነበር፤ ነገር ግን የፍርድ ቤቷ ቀለም ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ የአንድን ልጅ ውል ቀየረ። እኛም ገና አልፈረምንምና 5 ካልሆነ አንፈርምም አልን። ከአሥር ቀን በኋላ 5 ሆነ።

ለምን ሁለት ጊዜ እንደሞከሩ የገባኝ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሳሰላው ነው። ኤጀንሲው ለልጁ ያሰበው የግብፅ ክለብ በዓመት 24,000 ዶላር ገደማ ይከፍላል ተብሎ ነበር። 5 በመቶው 1,200 ዶላር ነው። በዚያ የክፍፍል ገጽ መሠረት ዋናው ቢሮ 600፣ ካይሮ 360፣ አገናኙ 240 ያገኛሉ። ዋናው ቢሮ ከልጁ በዓመት የሚያገኘው 600 ዶላር ለፊፋ ከሚከፍለው የፈቃድ ዓመታዊ ክፍያ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛ፣ የሕክምና ምርመራ አለ። ስለዚህ አንድ ልጅ ለአንድ ኤጀንሲ ኪሳራ ነው። ሃያ ልጅ ግን ሃያ ዕጣ ነው። ከሃያው አንዱ ሁለት ጊዜ ቢዛወርና ሁለተኛው ዝውውር ዋጋ ያለው ቢሆን፣ ሻጩን ክለብ ወክሎ የሚደራደር ወኪል በደንቡ ጣሪያ መሠረት እንኳ ከዝውውሩ ዋጋ እስከ 10 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ገንዘቡ ያለው ሁለተኛው ዝውውር ላይ ነው። አንቀጽ 7 ያንን ሁለተኛ ዝውውር ከወዲሁ ለመያዝ የተጣለ ወጥመድ ነበር። ልጁ ለእነርሱ ደሞዝተኛ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ዘር ነው። አጎቱ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እኛ ጋ የሚመጡት ለማረስ ሳይሆን ለመዝራት ነዋ» አለ። የገበሬ ልጅ ነው።

ለምን ግብፅ? ልጁ የሚያልመው እንግሊዝን ነበር፤ ማን አያልምም። ነገር ግን እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው በአብዛኛው 15 ነጥብ ሲሰበስብ ነው፤ ነጥቡ የሚሰበሰበው በብሔራዊ ቡድኑ ደረጃ፣ በሚጫወትበት ሊግ ጥራትና በመሳሰሉት ነው። ኢትዮጵያ በፊፋ ሰንጠረዥ ከመቶ በታች ባለችበት ጊዜ የኮምቦልቻ ተጫዋች ነጥብ የሚቆጥርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ኤጀንሲዎች ለእኛ ልጆች ያላቸው ካርታ አጭር ነው፤ እርሱም ቀድሞ በተረገጠ መንገድ ላይ የተሠራ ነው። ሳላዲን ሰዒድ ግብፅ ውስጥ ለዋዲ ደግላ፣ ቤልጅየም ውስጥ ለሊርስ፣ ከዚያም ለአል አህሊ ተጫውቷል። ሽመልስ በቀለ ግብፅ ውስጥ ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ ዓመታት ቆይቷል። ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ ለቢድቬስት ዊትስ ተጫውቷል። ፍቅሩ ተፈራ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን፣ ቼክን፣ ቬትናምን አዳርሶ በፈረንጆች 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲከፈት የሊጉን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው። አቡበከር ናስር በእኛ 2013 የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ በማግስቱ ዓመት ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ።

ስሞቹን ልብ ይሏል። አጥቂዎች ወይም ለግብ የቀረቡ አማካዮች ናቸው። ብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋች ኮታ አላቸው፤ ክለብ ያችን ጥቂት ቦታ መጀመሪያ የሚሰጠው ግብ ለሚያስቆጥር ነው። ግራ ተከላካይ የትም አገር ይገኛል። አገናኙ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ልጁን የሚገልጸው ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ «የግራ ክንፍ አጥቂ» ብሎ ጻፈው፤ ቪዲዮውንም ከተከላካይነቱ ይልቅ ወደፊት የሮጠባቸውን አጋጣሚዎች ብቻ ሰብስቦ ቆረጠው። ልጁ ቢሮዬ ተቀምጦ ወረቀቱን ሲያይ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተከላካይ ነኝ» አለ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ራሱ የተናገረው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። የልደት ዓመት በሚለው ቦታ «1997» ይላል። ልጁ የተወለደው በጥቅምት 1997 ነው፤ በእኛ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አውሮፓና ካይሮ ያሉት ሰዎች ያነበቡት የ26 ዓመት ሰው ነው። ሁለት ክለቦች ቪዲዮውን ወድደው «ዕድሜው ገፋ» ብለው የመለሱት በዚህ ምክንያት እንደሆነ በኋላ አገናኙ ራሱ ነገረን። የአፍሪካ ልጅ ዕድሜ ቀንሷል ተብሎ ሲጠረጠር ነው የምንሰማው፤ ሰባት ዓመት በነፃ የጨመረ ልጅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አራቱንም አኃዝ አስተካከልን፤ ሥፍራውን ግን «አጥቂ» እንደሆነ ተዉት። ይህንን ባለመሟገቴ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

የአገር ቤቱ ክለብ ጉዳይ አጭር ነው፤ ሐዘኑ ግን ረጅም ነው። የልጁ ውል ሰኔ 30 ቀን 2016 ያበቃል። በፊፋ ደንብ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር አስቀድሞ ሊስማማ ይችላል። ኤጀንሲው ይህን ቀን ከልጁ የልደት ቀን በተሻለ ያውቀዋል፤ ነፃ ተጫዋች የዝውውር ዋጋ አይጠየቅበትምና። ክለቡ መልቀቂያ ሰጠ፤ ሌላ የሚሰጠው አልነበረም። የዝውውር ዋጋ ከሌለ ደግሞ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሳደጉት ክለቦች የሚካፈሉት 5 በመቶ የአብሮነት ድርሻም የለም። የሚቀረው የሥልጠና ካሳ ነው፤ ልጁ 23 ዓመት እስኪሞላው በውጭ አገር ክለብ ሲመዘገብ አሠልጣኝ ክለቦቹ የሚጠይቁት። ካሳው ግን የሚከፈለው ልጁ በፌዴሬሽን በተመዘገበበት ክለብ ለቆየበት ዓመት ነው፤ ክፍያውን የሚያስተላልፈው የፊፋ የክፍያ ማዕከልም የሚያምነው የምዝገባ መዝገብ ነው።

ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠነው ሰው በቀን ፋብሪካ የሚሠራ፣ አመሻሹ ላይ ሠፈር ውስጥ አርባ ልጅ የሚያሯሩጥ ሰው ነው። ቡድኑ የትም አልተመዘገበም። እርሱ ኳስ ለመግዛት ከደመወዙ ሲቆርጥ የነበረው አራት ዓመት በመዝገብ ቋንቋ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ልጁ በክለቡ የታዳጊ ቡድን የነበረበት ጊዜ፣ በወረቀት ነበረ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከአንድ ወር በላይ ሲይዝ የክለቡ ቢሮ ተሰብሮ መዝገቦቹ ጠፉ። የተረፈች አንዲት የቡድን ፎቶግራፍ ናት፤ ልጁ ጥግ ላይ ቁምጣው ጉልበቱን አልፎ ቆሟል። የክለቡ ጸሐፊ ፎቶግራፉን ይዞልኝ መጥቶ፣ «ይህ በእንግሊዝኛ ይተረጎማል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጁ በሐምሌ ካይሮ ገባ። የሄደው በውል ሳይሆን በግብዣ ወረቀት ነው። ይህን ልዩነት ለቤተሰቡ ደጋግሜ ነግሬ ነበር። በፊፋ ደንብ የተፈረመ የተጫዋች ውል የሕክምና ምርመራ ወይም የሥራ ፈቃድ ካልተሳካ ይፈርሳል ተብሎ በቅድመ ሁኔታ ሊታሰር አይችልም። ክለቦች ስለዚህ መጀመሪያ ይሞክራሉ፣ ይመረምራሉ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ግብዣ ማንንም አያስርም። ቲኬቱን ኤጀንሲው ከፈለ፤ ከመጀመሪያ ደመወዝ ተመላሽ ነው። አጎትየው ደግሞ እኔ ሳላውቅ ከዕቁብ ጓደኞቹ ጋር ተራ ተለዋውጦ አውጥቶ ለአገናኙ 60,000 ብር «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» ሰጥቶ ነበር። ደረሰኝ የለውም። በዘጠኝ ገጹ ውስጥም ይህ ገንዘብ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ልምምድ አሠልጣኙ ልጁን ከፊት አሰለፈው። አጥቂ ነው ተብሎ ተጽፏላ። ልጁ በደወለልኝ ጊዜ፣ «ኳስ ሲመጣልኝ ጀርባዬን ለጎሉ ሰጥቼ መቆም አላውቅበትም፤ እኔ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ማየት ነው የለመድሁት» አለኝ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን እናመሰግናለን ተባለ። የመመለሻ ቲኬቱ ተቆርጦ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብጽፍ የተለመደው የደላላ ታሪክ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የዚህን ዓይነት ኤጀንሲ ጥንካሬ ያሳየኝ ነገር ነው። የካይሮው ተባባሪ ልጁን በልምምድ ላይ አይቶት ነበርና ለዋናው ቢሮ «ይህ ልጅ ተከላካይ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ተከላካይ» ብሎ ጻፈ። ዋናው ቢሮ ወረቀቱን አስተካክሎ ለባሕረ ሰላጤው ተባባሪ ላከ። እዚያ አንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ግራ ተከላካዩ በጉዳት ወጥቶበት ነበር። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ልጁ ወደ ደሴ ሳይመለስ ከካይሮ ቀጥታ ሄደ። አንድ ብቻውን የሚሠራ ደላላ ይህን አያደርግም፤ አንድ ገበያ ሲዘጋ ሌላውን የሚከፍት ሰው በሌላ አገር የለውም። ውሉ ለአንድ የውድድር ዘመን 18,000 ዶላርና መኖሪያ ቤት ነው። ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫው ከእኛ ፌዴሬሽን በኤሌክትሮኒክስ ሥርዓቱ ተላልፎ ተመዘገበ። በዚያ ዓመት የኤጀንሲው ድርሻ 900 ዶላር ነው፤ ዋናው ቢሮ 450 ይደርሰዋል። የፈቃዱን እንኳ አልሸፈነም።

የክለቡ የካሳ ጥያቄ መዝገቡ ባለው ዓመት ልክ ቀረበ። አራቱ የሠፈር ዓመታት አልገቡም። ልጁ ከሁለተኛ ደመወዙ ለአሠልጣኙ አሥር ኳስ ላከ፤ እኔ ባየሁት ዕለት ሰባቱ ቀርተዋል።

አገናኙን 60,000 ብሩን ጠየቅሁት። አልካደም። «ጋሼ፣ እኔ ከኮሚሽኑ 180 ዶላር ነው የሚደርሰኝ። ቪዲዮውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ፓስፖርት ቢሮ የተጉላላሁትን ማን ይከፍለኛል?» አለ። ሒሳቡን አውቀዋለሁና መልስ አጣሁ። ለምን ፈተናውን ተቀምጦ ፈቃድ እንደማያወጣ ስጠይቀው ሳቀ፤ እንግሊዝኛው አይበቃም፤ ቢበቃም 600 ዶላሩ የለም።

በጥቅምት 2017 ራሱ ወደ ቢሮዬ መጣ። አንድ የደሴ ግብ ጠባቂና እናቱን አስከትሎ ነው። «ዘንድሮ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ነው የማመጣቸው» አለኝ፤ ኩራት ነበረበት። ወረቀቱን ተቀበልሁት። ያው ቅጽ ነው፣ ያው ፊደል፣ ያው የግርጌ መስመር። ዘንድሮ ስምንት ገጽ ነው። እናትየዋ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ነገር ግን ከጎኔ ተቀምጠው በሌባ ጣታቸው የአንቀጾቹን ቁጥር አንድ በአንድ ወደ ታች ይከተሉ ነበር። ስድስት ላይ ደርሰው ቆሙ። ቀጥሎ ስምንት ይላል። ከስምንት ቀጥሎ አሥር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከዚህ ወረቀት ላይ የወደቀ ነገር አለ።»